«ሆዴ» የሚለውን ስም ከዋሌቴ ላጥፋው ወይስ ልተወው?



ድሮ ፍቅር ሲያልቅ ፎቶግራፍ ይቀደዳል፣ ደብዳቤ ይቃጠላል፣ የተሰጠ ሰዓት ወይም ሹራብ በሰው እጅ ይመለሳል፤ ያኔ ነገሩ አበቃ ይባላል። ኋላ ሞባይል መጣና ቁጥር ማጥፋት ተጨመረበት። አሁን ደግሞ ይባስ ብሎ የክሪፕቶ ዋሌት ውስጥ የተቀመጠ ስም ጣጣ ሆኖ መጥቶላችኋል! ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሁለቱ የሚያወሩት ስለዚሁ ነው። አንዱ የፍቅር ነው፤ ሌላው የሐዘን። ሁለቱም ግን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

ወደ ደብዳቤዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ይህ ዓምድ «ግቡበት» አይልም። ነገር ግን ብዙ ወጣት ገብቶበታል፤ በተለይ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ቴሌግራም ላይ ሳንቲም «ሲነካካ» ያመሸው ትውልድ ዋሌት የሚባለውን ነገር ስልኩ ላይ ጭኖታል። የገባበትን ነገር በቅጡ አለማወቅ ደግሞ ከመግባቱ የባሰ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እነሆ።

«ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ነው። ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፤ ደንበኞቼ ውጭ አገር ስለሆኑ የሚከፍሉኝ በዩኤስዲቲ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንዲት ልጅ ጋር ፍቅር ጀመርን። ከዓመት በኋላ ለሥራ ዱባይ ሄደች። ዋሌት ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷው ናት። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ሰዓት 600 ዶላር አበደረችኝ። በየወሩ 50 ዶላር እየመለስኩ ሰባት ወር ከፈልኩ። ከዚያ ተጣላን፤ ተለያየን። ማን እንዳጠፋ አልጽፍም፤ ሁለታችንም ነን።

አሁን ሌላ ልጅ አለችኝ። ሽማግሌ ልልክ እየተዘጋጀሁ ነው። ችግሬ ምን መሰላችሁ? የድሮዋ ልጅ አድራሻ ዋሌቴ ውስጥ የተቀመጠው 'ሆዴ' በሚል ስም ነው። 'ላክ' የሚለውን በነካሁ ቁጥር ቀድሞ ብቅ የሚለው እሱ ነው። ባለፈው እጮኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ አየችውና 'ሆዴ ማናት?' አለችኝ። ደንግጬ 'የእናቴ ነው' አልኳት። እናቴ እንኳን ዋሌት ስማርት ስልክም የላትም!

ጓደኞቼ 'ምን ታስባለህ፣ ዲሊት አድርገህ ተገላገል' ይሉኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ሳጠፋው እሷ ጋ መልእክት ይደርሳታል? እስከ ዛሬ የላክሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋል? እሷስ የእኔን ሒሳብ ማየት ትችላለች? ደግሞ ገና 250 ዶላር ይቀርብኛል። ካጠፋሁት በኋላ በምን ልልክላት ነው? እባካችሁ ምከሩኝ። ስሜ ይቆየኝ።»

ወንድማችን፣ ስለ ግልጽነትህ እናመሰግናለን። «የእናቴ ነው» ያልካትን ነገር ለጊዜው እናቆየው፤ እንመለስበታለን። በቅድሚያ የፈራሃቸውን ሦስት ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ስታጠፋው ታውቃለች?

አታውቅም። ዋሌትህ ውስጥ ያለው የአድራሻ ማውጫ አንተ ለራስህ የጻፍከው ማስታወሻ ነው። ስልክህ ላይ አንድን ቁጥር «ሆዴ» ብለህ ብትመዘግበው የቁጥሩ ባለቤት እንደማታውቀው ሁሉ፣ ስታጠፋውም ምንም አይደርሳትም። አንተም እሷን አላገድካትም፤ ነገ ተነስታ ገንዘብ ልትልክልህ ብትፈልግ ይደርስሃል። እዚህ አገር ውስጥ «ብሎክ ማድረግ» የሚባል ነገር የለም።

የላክኸው ሁሉ ይጠፋል?

አይጠፋም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የላክኸው ገንዘብ የተመዘገበው ስልክህ ላይ ሳይሆን ብሎክቼይን በሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ በመሆኑ አንተም፣ እሷም፣ ዋሌቱን የሠራው ኩባንያም አንድ መስመር መፋቅ አትችሉም። የምታጠፋው ስሙን ብቻ ነው። ሰባቱ 50 ዶላሮች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው እዚያው ይቀመጣሉ፤ ልዩነቱ «ሆዴ» ይል የነበረው ቦታ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር መታየቱ ነው። ይህ ደግሞ ለአንተ ጥሩ ዜና ነው! ነገ «350 ከፍለሃል፣ አልከፈልክም» የሚል ክርክር ቢነሳ ምስክርህ እሱ ነው።

ሒሳብህን ታያለች?

አዎ፣ ከፈለገች ታያለች። ሰባት ጊዜ ስለላክህላት የአንተን አድራሻ ታውቀዋለች። ትሮንስካን ወይም ኢተርስካን በሚባሉት የመዝገብ ማሳያዎች ላይ አድራሻህን ካስገባች በዚያ አድራሻ ላይ ምን ያህል እንዳለህ፣ መቼ እንደገባልህ፣ ወደ የት እንደላክህ ቁልጭ ብሎ ይታያታል። ስሟን ከአንተ ስልክ ላይ ማጥፋትህ ይህንን አይለውጠውም። የሚያሳስብህ ከሆነ መፍትሔው ለወደፊቱ ሥራህ አዲስ አድራሻ ከፍተህ ደንበኞችህ በዚያ እንዲልኩልህ ማድረግ ነው። ያለህን ገንዘብ ከአሮጌው በቀጥታ ወደ አዲሱ ካሻገርከው ግን ዱካው ተከትሎህ እንደሚሄድ እወቅ።

ዋናው አደጋ የቱ ጋ ነው?

ጓደኞችህ «ዲሊት አድርገህ ተገላገል» ሲሉህ ያላሰቡት አንድ ነገር አለ። ስሙን ካጠፋህ በኋላ በሚቀጥለው ወር 50 ዶላር ልትልክ ስትቀመጥ አድራሻውን ከየት ታመጣዋለህ? እንደ ብዙ ሰው «ባለፈው ከላክሁት ላይ ኮፒ አደርጋለሁ» ትላለህ። ሌባው የሚጠብቅህ እዚያ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በትሮን ኔትወርክ ላይ አንድ አድራሻ 34 ፊደልና ቁጥር አለው። በኢተሪየም ላይ ደግሞ ከፊት ያለውን ዜሮ-ኤክስ ጨምሮ 42 ነው። ይህንን ሁሉ ስልኩ ስክሪን ላይ ስለማይችለው ብዙ ዋሌቶች የፊቱን ጥቂትና የኋላውን ጥቂት አሳይተው መሐሉን በነጠብጣብ ያልፉታል። ሌቦቹም ይህንን ያውቃሉ። አንተ የምትልክበትን አድራሻ ከመዝገቡ ላይ ያዩና በኮምፒውተር ኃይል መጀመሪያውና መጨረሻው ከሱ ጋር አንድ የሆነ፣ መሐሉ ግን የተለየ የራሳቸውን አድራሻ ይፈጥራሉ። ከዚያ ከዚያው አድራሻ ኢምንት ገንዘብ ይልኩልሃል፤ አንዳንዴም ዜሮ ይልካሉ። ዓላማቸው ገንዘቡ አይደለም፤ አድራሻቸው ከዝርዝርህ ውስጥ ገብቶ እንዲቀመጥ ነው። አንተ በጥድፊያ የፊቱንና የኋላውን አይተህ ኮፒ ስታደርግ ገንዘቡ ወደ ሌባው ይሄዳል። ይህ ማጭበርበር «አድራሻ መመረዝ» ይባላል።

«ይሄ ሞኝ ላይ ነው የሚደርሰው» እንዳትል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት በዚሁ ዘዴ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ያለው 1,155 ራፕድ ቢትኮይን በአንድ ጊዜ ልኮ ነበር። እሱ እንኳ ዕድለኛ ነው፤ ዓለም ሁሉ ገንዘቡን ሲከታተለው ሌባው ከድርድር በኋላ አብዛኛውን መለሰለት። በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ሰው መጀመሪያ 50 ዩኤስዲቲ ለሙከራ ላከ፤ በትክክል ደረሰ። ከዚያ ዋናውን ሲልክ አድራሻውን ከዝርዝሩ ላይ ኮፒ አደረገ። በመሐል ግን ሌባው የተመሳሰለውን አድራሻ አስገብቶ ጠብቆት ነበር። ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሄደ! ሙከራው ብቻውን አላዳነውም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ክሪፕቶ ላይ ግን የፈሰሰ አይለቀምም። ባንክ ቢሆን ሮጠህ «ተሳስቻለሁ» ትላለህ፤ እዚህ የምትሮጥበት መስኮት የለም።

ስለዚህ በዋሌት ማውጫ ውስጥ ስም መመዝገብ ለጌጥ አይደለም። አንዴ በደንብ አጣርተህ የመዘገብከው ስም ከሌባው አድራሻ የሚለይልህ ምልክት ነው። ሌባው ፊደሉን ቢያመሳስልም ከአድራሻው ላይ «ሆዴ» የሚል ስም ሊለጥፍ አይችልም። አንተ ግን ስሙን በገዛ እጅህ ስታነሳው ሁለቱ አድራሻዎች ጎን ለጎን ራቁታቸውን ይቀራሉ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ወንድማችን፣ ምክራችን ይህ ነው፦ ዕዳህ እስኪያልቅ አድራሻውን አታጥፋው፤ ስሙን ለውጠው። ሜታማስክ ላይም ሆነ ትረስት ዋሌት ላይ ወደ «ሴቲንግስ» ገብተህ «ኮንታክትስ» ወይም «አድሬስ ቡክ» የሚለውን ክፈት። ስሙን ስትነካው የማረሚያው ቦታ ይመጣል። «ሆዴ» የሚለውን አንሳና «የላፕቶፕ ብድር፣ ትሮን» ብለህ ጻፍ። ፍቅሩ አልቋል፤ የቀረው ብድር ነው። ስሙም እውነቱን ይናገር።

ከዚያ ለልጅቷ አጭርና ጨዋ መልእክት ላክላት። «ሰላም ነሽ? ቀሪው 250 አለ፤ አድራሻው አሁንም ይሠራል ወይ?» በላት። ይህ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። አድራሻዋ የኤክስቼንጅ ከሆነ አካውንቱን ዘግታው ወይም አድራሻውን ቀይራው ሊሆን ይችላል። በተዘጋ አድራሻ የገባ ገንዘብ ደግሞ ላንተም ለእሷም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። አዲስ አድራሻ ከላከችልህ ኔትወርኩን ጠይቃት፤ ቲአርሲ-20 ነው ወይስ ሌላ? አንድ ዩኤስዲቲ በብዙ ኔትወርክ ላይ አለ፤ በአንዱ የሚጠበቀው በሌላው ከተላከ ማግኘቱ ጭንቅ ነው፤ አንዳንዴም አይገኝም። አድራሻውን ከተቀበልክ በኋላ በድምፅ ደውለህ ከመሐሉም ጭምር ጥቂት ፊደሎች አረጋግጥ። ምክንያቱም ኮፒ ያደረግኸውን አድራሻ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ በሌላ የሚቀይር ቫይረስም አለ።

የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ 250ውን ባንዴ ክፈልና ጨርስ። አምስት ወር ሙሉ በየወሩ አንድ ጊዜ ስሟን ከማየት ይሻልሃል። መላኪያውንም አንዴ ብቻ ትከፍላለህ። የመጨረሻውን ከላክህ በኋላ «ደርሶኛል፣ ጨርሰናል» የሚል መልስ ተቀብለህ አስቀምጥ። ያን ጊዜ በሰላም አጥፋው። ማንም አይወቅስህም።

አሁን ወደ «የእናቴ ነው» እንመለስ።

ወንድማችን፣ እውነቱን እንንገርህ? እጮኛህ ያየችው ስም ችግርህ አይደለም። ችግርህ መልስህ ነው። ስሙን ብታጠፋው ዝርዝሩ ውስጥ በየወሩ ወደ አንድ ቦታ የሄዱ ሰባት 50 ዶላሮች ይቀራሉ። እነሱን ደግሞ ማንም አያጠፋቸውም ብለንሃል። ነገ ባልና ሚስት ሆናችሁ አንድ ቀን ብታያቸው «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። ያን ጊዜ ደግሞ ማንን ልትጠራ ነው? አባትህን? አንዱን ውሸት ለመሸፈን ሌላ ውሸት ልትፈልግ ነው፤ ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አስቀምጣትና «ያን ቀን ደንግጬ ዋሸሁሽ። የድሮ ጓደኛዬ ናት። ገንዘብ አበድራኛለች፤ ይህን ያህል ከፍያለሁ፣ ይህን ያህል ይቀረኛል። ስሙን አልቀየርኩትም ነበር፤ አሁን ቀይሬዋለሁ» በላት። ልትቆጣ ትችላለች፤ አንድ ሁለት ቀን ልታኮርፍም ትችላለች። ነገር ግን ከተለያያትም ሴት ጋር ዕዳውን የማይበላ ወንድ ማግኘቷን የምትንቅ አይመስለንም። የተቀደሰ ትዳር በእናት ስም በተነገረ ውሸት አይጀመርም።

ሁለተኛው ደብዳቤ

ይህኛው ከአንዲት የ23 ዓመት ወጣት የመጣ ነው። አሳጥረን እናቅርበው።

«ታላቅ ወንድሜ ከአራት ወር በፊት በድንገት አረፈ። ሥራው ኦንላይን ነበር፤ ክሪፕቶ እንደነበረው አውቃለሁ፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም። የስልኩን መክፈቻ ማንም ቤት ውስጥ አያውቅም። የእኔ ዋሌት ውስጥ ግን የሱ አድራሻ 'ወንድምዬ' ተብሎ ተቀምጧል። በከፈትኩት ቁጥር ሆድ ይብሰኛል። ላጠፋው ብዬ እጄን እሰነዝርና እመልሰዋለሁ። ካጠፋሁት በውስጡ ያለው ገንዘብ ይጠፋል? ብተወውስ ምን ይጠቅማል?»

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እጅሽን መመለስሽ ጥሩ አድርገሻል። አታጥፊው።

ብታጠፊውም ገንዘቡ ከነበረበት አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ቤታችሁ ውስጥ ወንድምሽ የት እንዳስቀመጠ የሚያመለክት ምልክት ያለው ምናልባት አንቺ ስልክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌላው ስም ሲጠፋ የሚጠፋው ስም ነው፤ ይህ ስም ሲጠፋ ግን ለቤተሰቡ መንገዱ ይጠፋል። ዛሬውኑ አድራሻውን ሙሉውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከነኔትወርኩ ወረቀት ላይ ገልብጪው። ሁለት ቦታ አስቀምጪ።

ቀጥሎ አድራሻውን መዝገብ ማሳያው ላይ አስገብተሽ እዪው። ምን ያህል እንዳለበት ያለ ማንም ፈቃድ ይታይሻል። ማየት ግን ማውጣት አይደለም። ለማውጣት ቁልፉ ያስፈልጋል፤ ቁልፉም ዋሌቱ ሲከፈት የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ 12 ወይም 24 የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ወንድምሽ ጠንቃቃ ሰው ከነበረ ወረቀት ላይ ጽፏቸዋል። ማስታወሻ ደብተሮቹን፣ የትምህርት ማስረጃዎቹ ያሉበትን ፋይል፣ የመጻሕፍቱን ገጾች ሳታዪ አንድ ወረቀት እንኳ አትጣሉ። ልብሱን ለሰው ስትሰጡ ኪሶቹን ፈትሹ። ስልኩን ደግሞ ለሽያጭ ብላችሁ ወይም «ይከፈትልን» ብላችሁ ፎርማት እንዳታስደርጉት! ፎርማት ከተደረገ በስልኩ ውስጥ ያለው ቁልፍ አብሮ ይሄዳል።

አድራሻው የኤክስቼንጅ ሆኖ ከተገኘ ተስፋው ሰፋ ይላል። ትልልቆቹ ኤክስቼንጆች ደንበኛቸው ሲሞት ወራሾች የሚያመለክቱበት መንገድ አላቸው። የሞት የምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ስለሚጠይቁ፣ ለሌላው ንብረት ስታወጡ ተጨማሪ ኮፒ ያዙ። የራሱ ዋሌት ከሆነና ቃላቱ ካልተገኙ ግን እውነቱን መቀበል ነው፤ ማንም ሊያወጣው አይችልም። «እኛ እናወጣላችኋለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ ቢመጣ ሐዘናችሁን ሊነግድበት የመጣ ሌባ ነው። በሩን ዝጉበት።

አንድ ነገር ጨምሪ። ስሙን «ወንድምዬ፣ አይላክበትም» ብለሽ ለውጪው። በስህተትም ይሁን ለመታሰቢያ ብለሽ አንድ ዶላር ብትልኪበት ቁልፉ ካልተገኘ አትመልሺውም። ስሙን ማየቱ ካስከፋሽ ደግሞ ወረቀቶቹን በእርግጠኝነት ካስቀመጥሽ በኋላ ከስልክሽ ላይ ልታነሺው ትችያለሽ። ያን ጊዜ ማጥፋትሽ መርሳት አይሆንም።

ለሁላችሁም፦ ማን ይጥፋ፣ ማን ይቆይ?

ከሁለቱ ደብዳቤዎች ተነስተን ለሌሎቻችሁም የሚሆን ጥቂት ነገር እንበል። ዋሌታችሁን ዛሬ ማታ ከፍታችሁ ማውጫውን እዩት።

መጥፋት ያለባቸው አሉ። አንዴ ቴሌግራም ላይ ተገናኝታችሁ ዶላር የገዛችሁበት ወይም የሸጣችሁለት የማታውቁት ሰው አድራሻ ምን ይሠራላችኋል? ይጥፋ። «ጓደኛዬ 1»፣ «ጓደኛዬ 2» የሚሉ፣ እናንተም የማን እንደሆኑ የረሳችኋቸው ስሞች ይጥፉ። ራሳችሁ የዘጋችሁት የኤክስቼንጅ አካውንት አድራሻ ይጥፋ፤ በስህተት ለራሳችሁ ብትልኩ እንኳ ላይገኝ ይችላል። እናንተ ያልመዘገባችሁት ስም ካገኛችሁ ግን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ስልካችሁን ሌላ ሰው ነክቶታል ማለት ነውና የይለፍ ቃላችሁን ለውጡ፤ ገንዘባችሁንም በአዲስ ቃላት ወደተከፈተ ሌላ ዋሌት አሻግሩ።

መቆየት ያለባቸውም አሉ። ደጋግማችሁ የምትልኩላቸው ሰዎች ይቆዩ፤ ግን ስማቸው ይስተካከል። ስም፣ ኔትወርክና ያረጋገጣችሁበት ወር ከተጻፈ ይበቃል። ቶንን ለመሰለ ሳንቲም ወደ ኤክስቼንጅ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ሜሞ የሚባለው ቁጥር አብሮ ይቀመጥ። አድራሻው ትክክል ሆኖ ሜሞው ከቀረ ገንዘቡ ኤክስቼንጁ ጋ ይደርሳል፤ የማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

ሙሉ ስምና የአባት ስም ግን አትጻፉ። ስልካችሁ ተከፍቶ የተገኘ ቀን፣ ያገኘው ሰው ስሙን ከአድራሻው ጋር ያገናኝና የወዳጃችሁን ሀብት እስከ መጨረሻው ያነበዋል። የእናንተ ማስታወሻ የሰው ገበና እንዳይሆን!

ከማጥፋታችሁ በፊት ሁልጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከዚህ ሰው ጋር ያልተዘጋ ሒሳብ አለኝ? አድራሻው ሌላ ቦታ ተጽፎልኛል? ነገ ብፈልገው ከማን እጠይቀዋለሁ? መልሱ ካላማረ አቆዩት። በተለይ በንዴት ወይም በመጠጥ ሰዓት ማውጫውን አትክፈቱ። በብዙ ዋሌቶች ላይ «ዲሊት» ካላችሁ በኋላ መመለሻ የለም። 12ቱ ቃላትም ገንዘባችሁን እንጂ የመዘገባችኋቸውን ስሞች ላይመልሱ ይችላሉ፤ ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት ይህንንም አስቡበት።

ኤክስቼንጅ ላይ «የተፈቀዱ አድራሻዎች» የሚለውን ዘዴ የምትጠቀሙ ደግሞ ልብ በሉ። እሱ ሲበራ ገንዘብ የሚወጣው ወደተመዘገቡት ብቻ ነው፤ ሌባ ቢገባ እንኳ ወደ ራሱ ለመላክ ይቸግረዋል። ከዚያ ላይ አንድ ስም ካጠፋችሁ መልሳችሁ ለማስገባት ማረጋገጫ ትጠየቃላችሁ፤ አንዳንዶቹ ጋ አዲስ የገባ አድራሻ እስከ ሁለት ቀን ይቆያል። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ይህን እንዳትረሱት።

በመጨረሻም «ስም ማጥፋት አልችልም፣ እኔ ልርዳችሁ፣ 12ቱን ቃላት ላኩልኝ» የሚል ሰው ከመጣ… መልሱን ታውቁታላችሁ። ስም ለማጥፋት ቃላቱ በጭራሽ አያስፈልጉም። እናታችሁም ብትሆን አትስጡ፤ ዋሌት የሌላትም ብትሆን!

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ ስማችሁ እንደ ሁልጊዜው ይቆያል። እስከ ሳምንት ደህና ሰንብቱ።